ወልዲያ የወረደበት ዓመት

ሮቢት ውስጥ ዲኤስቲቪ ቤት የሚያዘወትር ወጣት ስለ ሉተን ታውን ጠይቁት፤ ሳያመነታ ይነግራችኋል። በ2023 እ.ኤ.አ. ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ፣ በ2024 ወረደ፣ በ2025 ደግሞ ከቻምፒዮንሺፑም ወርዶ ሦስተኛው እርከን ላይ አረፈ። በአስፋልቱ ወደ ደቡብ ወረድ ብለን የምናገኘው ወልዲያ ግን እንዴት እንዳደገና እንዴት እንደወረደ እየተረሳ ነው። እስቲ ዛሬ እናስታውሰው።

ወልዲያ ፕሪሚየር ሊጉን የተቀላቀለው በ2007 ዓ.ም. ነው። አልቆየም፤ በዚያው ዓመት ከሙገር ሲሚንቶ ጋር ተመልሶ ወረደ። ተስፋ ግን አልቆረጠም። ከፍተኛ ሊጉ ላይ አንድ ዓመት ተጫውቶ በ2009 ከፋሲል ከነማ፣ ከጅማ አባ ቡናና ከአዲስ አበባ ከተማ ጋር ተመለሰ። አባ ቡናና አዲስ አበባ ከተማ ዓመቱን ሳይሻገሩ ሲወርዱ ወልዲያ ተረፈ። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ደግሞ በሼህ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ስም የተሰየመውና 25 ሺህ ያህል ተመልካች የሚይዘው ስታዲየም ተመረቀ። ብዙ የክልል ከተሞች አጥር እንኳን በሌለው ሜዳ በሚጫወቱበት አገር፣ ወልዲያ የሚያስቀና ቤት ነበረው።

ከዚያ 2010 መጣ።

ገና በጥቅምት ስታዲየሙን ያሠሩት ባለሀብት ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ታሰሩ። ኅዳር 24 ቀን ወልዲያ ከመቐለ ከተማ ጋር ሊጫወት ቀጠሮ ተይዞ ነበር፤ ጨዋታው በዕለቱ አልተካሄደም፣ በምትኩ ከተማዋ በሁከት ታመሰች። ጥር ላይ በቃና ዘገሊላ ዕለት የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ቁጣው ወደ ቆቦና አካባቢዋ ተዛመተ። ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው መንገድ በእኛ በር ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ለሮቢትና ለቆቦ ሰው ጉዳዩ የስፖርት ዜና ብቻ አልነበረም። ሊጉም ራሱ በዳኞች ላይ በደረሰ ጥቃት ምክንያት ለጊዜው ተቋርጦ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ወልዲያ ከአርባ ምንጭ ከተማ ጋር ወረደ።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። በዚያው ዓመት ከከፍተኛ ሊጉ ያደገው ጅማ አባ ጅፋር ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ ተስተካክሎ በግብ ልዩነት ዋንጫውን ወሰደ። አብሮት ያደገው መቐለም በተከታዩ ዓመት ሻምፒዮን ሆነ። እንግዲህ ከታች መምጣት በራሱ ዕጣ ፈንታ አይደለም ማለት ነው። ግን ጅማም አልዘለቀም፤ በ2014 ወረደ። መቐለም ጦርነት መጥቶ ዓመታትን ከሊጉ ውጪ አሳለፈ፤ የተመለሰው በ2017 ነው።

የእኔ መከራከሪያ ይህ ነው፦ በእኛ አገር ማደግ የሜዳ ሥራ ነው፤ መቆየት ግን የገንዘብና የሰላም ሥራ ነው።

ገንዘቡን እንይ። እንግሊዝ ውስጥ ከፕሪሚየር ሊግ ለወረደ ክለብ እስከ ሦስት ዓመት የሚዘልቅ ማካካሻ ይከፈለዋል። እንዲያም ሆኖ በ2023 ያደጉት ሦስቱም፣ በ2024 ያደጉትም ሦስቱም በዓመታቸው ወርደዋል። የእኛ ወራጅ ደግሞ ምንም መደገፊያ የለውም። ዳሸን ቢራና ንግድ ባንክ በወረዱ ማግስት የወንዶች ቡድኖቻቸው ፈረሱ። የከተማ ክለቦች አብዛኞቹ የሚኖሩት በአስተዳደር በጀት ነው፤ በጀቱ ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ኳሱ ነው። ባለሀብት ስታዲየም ሊሠራ ይችላል፤ የተጫዋች ደመወዝ ግን በየወሩ ነው የሚከፈለው።

ሰላሙን ደግሞ የሰሜን ወሎ ሰው አይነገረውም። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ቆቦም ወልዲያም በጦርነቱ ለወራት ተይዘው ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ ወራጅ ቀጠና የሚያስብ የለም። ስታዲየም ያለ ሰላም የሲሚንቶ ክምር ነው።

ወልዲያ ዳግም ያድጋል ብዬ አምናለሁ። ግን አባልነት ከፍሎ የሚደግፍ ሕዝብ፣ ከአስተዳደር በጀት ውጪ የሆነ ገቢ፣ ከሮቢት፣ ከጎብዬና ከቆቦ ልጆችን የሚመለምል የታዳጊ ቡድን ሳይኖር ማደጉ ብቻ ምን ያደርግልናል? አንድ ዓመት ጨፍረን በሁለተኛው ልናለቅስ?

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ሰላም ያሰንብተን።