ውሃ መኪና ነድቶ ያውቃል? ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ያለው መንገድ የሚናገረው

ነዳጅ በጠፋ ሰሞን በአማራ ክልል ከተሞች ቤንዚን የሚቸረቸረው በውሃ ላስቲክ ነው። ትናንት የታሸገ ውሃ የነበረበት «ሃይላንድ» ዛሬ ቢጫ ቤንዚን ተሞልቶ መንገድ ዳር ይቆማል። የባጃጁ ሹፌር ዋጋው ከማደያው በብዙ እንደሚበልጥ እያወቀ ይገዛል፤ ሳይሠራ ከዋለ የቤቱ ምሳ የለም። ይህ ሁሉ ሲሆን በሐይቅ ከተማ አጠገብ አንድ ትልቅ ሐይቅ ሙሉ ውሃ ተንጣልሎ ተኝቷል። እንዲህ ባለ አገር «መኪና በውሃ የሚነዳበት ዘዴ ተገኘ» የሚል ወሬ ሰሚ ቢያገኝ አይገርምም። ወሬው ግን የአካባቢውን የጉዞ ታሪክ ለሚያውቅ ሰው አይዋጥለትም። በዚህ አገር ውሃ ሰውና ዕቃ በማጓጓዝ ብዙ አገልግሏል፤ ነዳጅ የሆነበት ቀን ግን የለም።

ታሪኩ ከሐይቁ ይጀምራል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የቆመበት መሬት ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል፤ ድሮ ደሴት ነበር። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ገዳሙን የትምህርትና የመጻሕፍት ማዕከል ሲያደርጉት፣ ተማሪው ወደ መምህሩ የሚደርሰው ውሃ ተሻግሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ አገሩን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ደሴቲቱን፣ መነኮሳቱን፣ የሚሻገሩበትን የደንገል ታንኳና በሐይቁ የሚኖሩትን ጉማሬዎች ጽፎ አልፏል። ታንኳውን ውሃው ተሸክሞታል፤ ወደፊት የሚገፋው ግን የቀዛፊው ክንድ ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ ቢመስልም የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ሞተር መጣ፤ የመጣውም ከጦር ጋር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከውጫሌ ብዙ ወደማይርቀው ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ አጭር የባቡር ሐዲድ ዘርግቶ በእንፋሎት የሚሄዱ ባቡሮች አስነድቶበታል። በዙላ የሆነው ነገር በውሃ ስለሚሄድ መኪና ለሚያስብ ሰው ትልቅ ትምህርት ነው። ቦታው በረሃ ስለሆነ ለሺዎች ወታደርና ለአጋሰሱ የሚጠጣ ውሃ አልነበረም፤ ስለዚህ መርከቦቹ የድንጋይ ከሰል እያነደዱ የባሕሩን ውሃ ያፈሉና እንፋሎቱን አቀዝቅዘው ንጹሕ ውሃ ያወጡ ነበር። ውሃ ለማግኘት ነዳጅ ተቃጠለ ማለት ነው። ባቡሩም ቢሆን ከውሃ ያገኘው እንፋሎቱን ብቻ ነው፤ ጉልበቱ የመጣው ከከሰሉ እሳት ነው።

በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያም ነገሩ አልተለወጠም። አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን በእንፋሎት የሚሠራ ተሽከርካሪ አዲስ አበባ ሲያስገባ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ ዘፈነለት። እ.ኤ.አ. በ1897 ሥራው ተጀምሮ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡርም ለአሥርት ዓመታት የሄደው በእንፋሎት ነው። በየጣቢያው ቆሞ ውሃ ሲሞላ ያየ ተሳፋሪ፣ ባቡሩ ውሃ እየጠጣ የሚሄድ ቢመስለው አይፈረድበትም። ዳሩ ግን ውሃ ሞልቶ እንጨቱና ከሰሉ ቢያልቅ፣ ባቡሩ ከቆመበት አይነቃነቅም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ የናፍጣ ባቡር ሲተካው የውሃው ጣጣ አበቃ፤ የነዳጁ ጣጣ ግን ቀጠለ።

ሐይቅንና ውጫሌን ከዓለም ነዳጅ ጋር ያስተሳሰረው የመኪና መንገድ ነው። አጼ ምኒልክና ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1889 በተዋዋሉባት ውጫሌ በኩል፣ በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ከአስመራ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባውን ዋና መንገድ ሠሩ። ከዚያ ወዲያ ሐይቅና ውጫሌ ጨውና ሸማ ብቻ ሳይሆን ናፍጣም የሚጠብቁ አገሮች ሆኑ። በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ሲጀምር፣ ቦቴዎች ከአሰብ በባቲ ወደ ኮምቦልቻ ሽቅብ ይወጡ ነበር። ማጣሪያው እ.ኤ.አ. በ1997 ተዘጋ፤ በዓመቱ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ወደቡም ለኢትዮጵያ ተዘጋ። ዛሬ አገሪቱ የምትጠቀመው ቤንዚንና ናፍጣ ሁሉ ተጣርቶ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ይመጣል፤ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል። በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን የሚወደደው መንገዱ እንዲህ ረጅም ስለሆነ ጭምር ነው።

ነዳጅ ያስጨነቀው አገር ሁሉ የውሃ መኪና ወሬ ሰምቷል። አሜሪካዊው ስታንሊ ሜየር መኪናዬን በውሃ እነዳለሁ ብሎ ገንዘብ ሰብስቦ ነበር፤ ባለገንዘቦቹ ከሰሱት፣ ባለሙያዎችም መሣሪያውን አይተው ተራ የውሃ መሰንጠቂያ ነው አሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 የኦሃዮ ፍርድ ቤት ማጭበርበር ነው ብሎ 25,000 ዶላር እንዲመልስ ፈረደበት። በጃፓን ጄኔፓክስ የሚባል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2008 ለጋዜጠኞች መኪና አሳይቶ በዓመቱ ተዘጋ። በፓኪስታን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ሰው የውሃ መኪና ሠራሁ ሲል በቴሌቪዥን ሚኒስትሮች ሳይቀሩ አጨበጨቡለት፤ የአገሩ ሳይንቲስቶች ግን ተቃወሙ። ከሁሉም አንድም በገለልተኛ ፈተና አላለፈም።

ምክንያቱ የቴክኖሎጂ ድክመት አይደለም፤ ገና ወደፊት ይደረስበታል የሚባልም አይደለም። ሃይድሮጅን ከኦክስጅን ጋር ሲቃጠል የሚተርፈው ውሃ ነው። ስለዚህ ውሃ የሃይድሮጅን አመድ ነው፤ ከአመድ እሳት አይጫርም። ውሃን በኤሌክትሪክ ሰንጥቆ ሃይድሮጅን ማውጣት ይቻላል። ይሁን እንጂ አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ለማውጣት በተግባር 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ኤሌክትሪክ ይፈጃል፤ ሃይድሮጅኑ መልሶ የሚሰጠው 33 ገደማ ብቻ ነው። ያ አንድ ኪሎ ደህና የሃይድሮጅን መኪና 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይወስዳል። ያንኑ ኤሌክትሪክ በቀጥታ ባትሪ ውስጥ ያስገባ ሰው ግን ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄድበታል። ኮፈን ሥር የሚገጠመው «ነዳጅ ቆጣቢ» የውሃ ኪትም ከዚህ ሕግ አያመልጥም፦ ውሃውን የሚሰነጥቀው ኤሌክትሪክ ከዲናሞው ነው፣ ዲናሞውን የሚያዞረው ሞተሩ ነው፣ ሞተሩ የሚበላው ደግሞ ያንኑ ቤንዚን ነው።

ውሃ በእርግጥ መኪና የሚነዳበት አንድ መንገድ አለ፤ እሱም ከከፍታ ሲወርድ ነው። 200 ሊትር የሚይዝ አንድ በርሜል ውሃ ከ100 ሜትር ከፍታ ወርዶ ተርባይን ቢያዞር፣ አንዲት የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል 300 ሜትር ያህል ያስኬዳል። መጠኑ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን የዓባይ ውሃ የሚለካው በበርሜል አይደለም። ኢትዮጵያ ይህን መንገድ ከአባ ሳሙኤል ግድብ ጀምራ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 በቆቃ፣ በ1964 በጢስ ዓባይ አስፋፍታ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውን የሕዳሴ ግድብ መርቃለች። ከኤሌክትሪኳም ከመቶ ዘጠናው እጅ በላይ ከውሃ የሚገኝ ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርና አዲሱ የጅቡቲ ባቡር በኤሌክትሪክ ይሄዳሉ። መንግሥትም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል። እንግዲህ ውሃ መኪናን የሚነዳው በነዳጅ ታንከር ውስጥ ተጨምሮ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ሽቦ በኩል ሲመጣ ነው።

የሚያሳዝነው ሐይቅና ውጫሌ ያሉባት ወሎ ከዚህ የደረሳት ገና ትንሽ መሆኑ ነው። ሥራው በ2007 ዓ.ም. የተጀመረው፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ የባቡር መስመር የተሠራው በኤሌክትሪክ እንዲሄድ ነበር። በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ጉዳት ደረሰበት፤ ለዓመታትም አገልግሎት ሳይጀምር ቆየ። ከደሴ ወልድያ ያለው መንገድ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዛሬ የሚሸጡ አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪናዎች አንድ ጊዜ ቻርጅ ተደርገው ይጨርሱታል። ለመመለስ ግን መሙያ ቦታና የማይጠፋ መብራት ይፈልጋሉ። የሐይቅና የውጫሌ ባለ ባጃጆች ለውሃ ኪት የሚያወጡትን ገንዘብ ይያዙት፤ አስተዳዳሪዎቻቸውን መጠየቅ ያለባቸው በሁለቱ ከተሞች የቻርጅ ጣቢያ መቼ እንደሚተከልና የባቡሩ መስመር መቼ አገልግሎት እንደሚሰጥ ነው።