ካልፔይን

ካልፔይን ካልሲየም ሲያገኝ የሚነቃና ሌሎች ፕሮቲኖችን የሚቆርጥ ኢንዛይም ነው። ብዙ ዓይነቶች ሲኖሩት በይበልጥ የተጠኑት ካልፔይን-1 እና ካልፔይን-2 ናቸው። የስሙ መጀመሪያ ከካልሲየም፣ መጨረሻው ደግሞ ከፓፓያ ከሚገኘው ፓፔይን ከተባለ ኢንዛይም የመጣ ነው። በጤናማ ሕዋስ ውስጥ ሥራው ጥቂት ነው፤ ካልፓስታቲን የተባለ ፕሮቲንም ይገታዋል። የታረደ ከብት ሥጋ ጥቂት ቀናት ሲቆይ የሚለሰልሰው በአብዛኛው በካልፔይን ነው። በሕይወት ባለ የልብ ጡንቻ ላይ ተመሳሳይ ነገር ሲያደርግ ግን ጉዳቱ ከባድ ነው።

ካልሲየም በልብ ውስጥ

እንግሊዛዊው ሐኪም ሲድኒ ሪንገር በ1883 እ.ኤ.አ. ካልሲየም በሌለው ፈሳሽ ውስጥ የእንቁራሪት ልብ መምታት እንደማይችል አሳየ። ዛሬ በየሐኪም ቤቱ በደም ሥር የሚሰጠው ሪንገር ላክቴት በእርሱ ስም የተጠራ ነው።

ልብ በመታ ቁጥር ካልሲየም ወደ ጡንቻው ሕዋስ ይገባል፣ በሕዋሱ ውስጥ ከተከማቸውም ይለቀቃል። ከዚያ ትሮፖኒን ከተባለ ፕሮቲን ጋር ይያያዝና ጡንቻው ይኮማተራል። ወዲያው ደግሞ መወገድ አለበት፤ በሁለት ምቶች መካከል በሕዋሱ ውስጥ ያለው ነፃ ካልሲየም ውጭ ካለው 10,000 ጊዜ ያህል ያነሰ ነው። ይህን ልዩነት ለመጠበቅ ሕዋሱ ኤቲፒ የተባለውን የጉልበት ምንጭ ይጠቀማል። ኤቲፒ ያለ ኦክስጅን በበቂ መጠን አይመረትም።

ደም ሲቋረጥና ሲመለስ

ልብን የሚመግብ የደም ቧንቧ ሲደፈን ኤቲፒ ይመናመናል፣ በሕዋሱም ውስጥ አሲድ ይጠራቀማል። ሕዋሱ አሲዱን እያስወጣ በምትኩ ሶዲየም ያስገባል፤ ሶዲየሙ ሲበዛ ደግሞ እርሱን እያስወጣ ካልሲየም ያስገባል። በዚህ ጊዜ ካልፔይን ሙሉ በሙሉ መንቃት የነበረበት ይመስላል፤ ነገር ግን አሲዱ ራሱ ያግደዋል።

ቧንቧው ተከፍቶ ደም ሲመለስ አሲዱ ታጥቦ ይሄዳል፣ ካልሲየሙ ግን ገና አልቀነሰም፤ እንዲያውም ሊጨምር ይችላል። ካልፔይን በኃይል የሚሠራው ያኔ ነው። እንደ ስፔክትሪን ያሉ የሕዋሱን ሽፋን ከውስጥ ደግፈው የሚይዙ ፕሮቲኖችን ይቆርጣል፤ ድጋፍ ያጣው ሽፋን በቀላሉ ይቀደዳል። ከተቀደደው ሕዋስ ትሮፖኒን ወደ ደም ይፈስሳል፤ ሐኪሞች የልብ ጡንቻ መጎዳቱን ለማወቅ በደም ምርመራ የሚፈልጉትም ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ከጉዳቱ ከፊሉ የሚደርሰው ደሙ ከተመለሰ በኋላ ነው። ይህ ማለት ግን ቧንቧውን መክፈት ይዘግይ ማለት አይደለም፤ ደም ያልተመለሰለት ጡንቻ መሞቱ አይቀርምና ፍጥነት ወሳኝ ነው።

ሕክምና

በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ካልፔይንን የሚገቱ ንጥረ ነገሮች የሞተውን ጡንቻ መጠን ቀንሰዋል። ከቤተ ሙከራ ወደ ሕሙማን መሻገሩ ግን በዚህ መስክ ሁሌም አስቸጋሪ ነው። ለምሳሌ ካልሲየም ሲበዛ በሚቶኮንድሪያ ላይ የሚከፈተውን ቀዳዳ የሚከላከለው ሳይክሎስፖሪን በእንስሳት ተስፋ ቢሰጥም፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ ትልቅ ጥናት ሕሙማንን ሲጠቅም አልታየም። ካልፔይንን በተመለከተ ደግሞ ሌላ እክል አለ፦ ብዙዎቹ ገቺዎች ሌሎች ኢንዛይሞችንም ያግዳሉ፤ ካልፔይን ራሱም የተቀደደ የሕዋስ ሽፋን በሚጠገንበት ጊዜ ያስፈልጋል።