«አጥሬን ከፍ ላድርግ ወይ?» — የአምስት ሰዎች ችሎት ታሪክ

አዲስ አበባ ያደግን ልጆች አጥርን የምናውቀው በቁመቱ ነው። ቆርቆሮ ይሁን ብሎኬት፣ የጠርሙስ ስባሪ ይሰካበት ወይም የእሾህ ሽቦ ይዘርጋበት፣ አጥር ማለት ለእኛ ከውጭ ሆኖ ወደ ውስጥ የማያሳይ ነገር ነው። አሜሪካ የሄዱ ዘመዶቻችን በስልክ ከሚያስገርሙን ወሬዎች አንዱም ይኸው ነው። «እዚህ እኮ ከቤት ፊት ለፊት አጥር የለም፤ ቢኖርም ከደረት አያልፍም» ይሉናል። «ምነው፣ ሌባ የለም እንዴ?» ስንላቸው ይስቃሉ።

ሌባማ አለ። ነገሩ ሌላ ነው። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ከቤቱ ፊት ያለው አጥር ከ4 ጫማ (1 ሜትር ከ20 ገደማ)፣ የጓሮው ደግሞ ከ6 ጫማ (1 ሜትር ከ80 ገደማ) እንዳይበልጥ የከተማው ደንብ ይወስናል። የሱቅ ታፔላም እንዲሁ ነው፤ ስፋቱ፣ ከፍታው፣ መብራቱ፣ የሚቆምበት ቦታ ሁሉ ተለክቶ ተቀምጧል። ታዲያ «ይህ ደንብ ለእኔ ቦታ አይሆንም» የሚል ሰው ምን ያደርጋል? ማመልከቻ ይጽፋል። ጎረቤቶቹ እንዲያውቁት ይደረጋል። ከዚያ አንድ ምሽት ማዘጋጃ ቤት ሄዶ፣ አብዛኛውን ጊዜ የከተማው ነዋሪዎች ከሆኑ ጥቂት ሰዎች ፊት ቆሞ ያስረዳል። የሚለምነው ፈቃድ «ቫሪያንስ» ይባላል፤ በእኛ አነጋገር «ደንቡ ለዚህች ቦታ ብቻ ይላላልኝ» እንደ ማለት ነው።

ጋዜጠኝነት ስንማር ፓርላማና ፍርድ ቤት እንዴት እንደሚዘገብ ተነግሮናል። ስለ አጥር ችሎት ግን ማንም አላነሣልንም። እኛም «ምን ቁም ነገር አለው?» ብለን ነበር ማንበብ የጀመርነው። ስናነብ ግን ከአጥርና ከታፔላ በስተጀርባ አንድ የቆየ ጥያቄ ተደብቆ አገኘን፦ ሕግ አውጪው ያላሰበው ሰው ሲመጣ ማን ይሰማዋል? የሚሰማውስ በምን መለኪያ ይፈርዳል?

እስኪ ከመጀመሪያው እንነሣ።

ጥላው የወለደው ሕግ

እ.ኤ.አ. በ1915 ኒውዮርክ ውስጥ፣ ብሮድዌይ ጎዳና ላይ፣ ኢኩይተብል የተባለው ሕንፃ ተጠናቀቀ። ወደ 40 የሚጠጋ ፎቅ ያለው፣ ከመሬት እስከ ጣራው ምንም ሳይሸሽ ቀጥ ብሎ የወጣ ግዙፍ ሕንፃ ነበር። ጥላው ወደ 3 ሄክታር የሚጠጋ ቦታ ይሸፍን ነበር ይባላል። ጎረቤት የነበሩ ሕንፃዎች ፀሐይ አጡ። ስለ ሕንፃ ከፍታ ገደብ ክርክሩ ከዚያ በፊት ቢጀመርም፣ ይህ ሕንፃ ግን ክርክሩን ለሁሉም በዓይን የሚታይ አደረገው።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በሐምሌ 1916 (እ.ኤ.አ.)፣ ኒውዮርክ የዞኒንግ ደንቧን አወጣች። ከተማውን በቀጣና ከፋፍላ «እዚህ መኖሪያ፣ እዚያ ንግድ፣ ሕንፃውም ይህን ያህል ከፍ ይበል» አለች። ከደንቡ አርቃቂዎች ዋነኛው ኤድዋርድ ባሴት የተባለ የሕግ ባለሙያ ነበር። ባሴትና ጓደኞቹ አንድ ስጋት ነበራቸው። ደንቡ አንድ ሰው ላይ ያለ አግባብ ቢከብድና ያ ሰው ቢከስስ፣ ፍርድ ቤት ሙሉውን ደንብ ሊያፈርሰው ይችላል። ስለዚህ ከደንቡ ጋር የይግባኝ ቦርድ አብሮ ተወለደ። ደንቡን ቃል በቃል መፈጸም «ተግባራዊ ችግር ወይም ያለ አግባብ መከራ» የሚያመጣ ሲሆን፣ ቦርዱ የደንቡን መንፈስ ሳይለቅ ለዚያ ጉዳይ ብቻ እንዲያላላ ሥልጣን ተሰጠው።

ልብ በሉ! ቦርዱ የተፈጠረው ለአመልካቹ በማዘን ብቻ አይደለም፤ ሕጉን ራሱን ለማዳንም ጭምር ነው። እንፋሎት መውጫ ያጣ ድስት ክዳኑን ይወረውራልና።

አምስት ወንበር፣ አራት ድምፅ

በ1920ዎቹ ነገሩ በመላ አገሪቱ ተዛመተ። በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ኸርበርት ሁቨር ያን ጊዜ የንግድ ሚኒስትር ነበር። መሥሪያ ቤቱም ክፍለ ግዛቶች ሁሉ ሊቀዱት የሚችሉት የዞኒንግ ሞዴል ሕግ አሳተመ። ያ ሞዴል የአጥር ችሎቱን መልክ ወሰነ፦ አምስት አባላት፤ እያንዳንዱ ለሦስት ዓመት የሚሾም፤ ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት፤ ሰብሳቢው ምስክር የማስማል ሥልጣን ያለው፤ የእያንዳንዱ አባል ድምፅ በቃለ ጉባኤ የሚመዘገብ። ደንቡን ለማላላት ደግሞ ከአምስቱ የአራቱ ስምምነት ያስፈልጋል። ቅር ያለው ወገን በ30 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1926 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኦሃዮ ውስጥ በምትገኘው በዩክሊድ መንደር ጉዳይ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ «ዞኒንግ ሕገ መንግሥታዊ ነው» ብሎ ፈረደ። በዚያው ውሳኔ ግን ዳኛው አፓርትመንት ቤትን በግል ቤቶች ሰፈር ላይ እንደ ተጣበቀ ጥገኛ አድርገው ገልጸውታል። ይህን የምናነሣው በምክንያት ነው። ዞኒንግ ከጥላና ከጭስ መከላከያ ብቻ አልነበረም፤ ሰውን ከሰው መለያም ነበር። ባልቲሞር እ.ኤ.አ. በ1910 ጥቁሮችና ነጮች የሚኖሩበትን ጎዳና የሚለይ ደንብ አውጥታ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1917 የሉዊቪልን ተመሳሳይ ደንብ ሽሮታል። ቆዳን የሚጠቅሰው ደንብ ሲቀር ግን የቤት ዓይነትንና የቦታ ስፋትን የሚጠቅሰው ቀረ፤ ድኻውን ከሰፈር ለማራቅም ይኸው በቂ ነበር። እንዲህ ያለ ደንብ ባለበት አገር «ማን ይፈቀድለት፣ ማን ይከልከል» የሚለውን የሚወስኑ አምስት ሰዎች ቀላል ሥልጣን አልያዙም።

ችግሩ የማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። «ያለ አግባብ መከራ» ማለት ምን ማለት ነው? እናቴ ታማለች፣ ውሻዬ ይዘላል፣ ገንዘብ አጥሮኛል፣ ሁሉም መከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 የኒውዮርክ ከፍተኛው ፍርድ ቤት መኖሪያ ቀጣና ውስጥ የበረዶ ሳይሆን የጎማ ስኬቲንግ አዳራሽ ለመሥራት የፈለገ ባለ ይዞታ ጉዳይ ቀረበለትና ሦስት መስፈርቶች አስቀመጠ። መሬቱ በተፈቀደለት አገልግሎት ተገቢ ገቢ የማያስገኝ መሆን አለበት፤ ችግሩ የዚያ ቦታ የተለየ ችግር እንጂ የሰፈሩ ሁሉ መሆን የለበትም፤ የሚፈቀደውም ነገር የአካባቢውን መልክ መለወጥ የለበትም።

የዚህ ትርጉም ለእኛ ለሐበሾች ትንሽ ይከብዳል፦ ችግሩ የመሬቱ እንጂ የሰውየው መሆን የለበትም። ቦታው ገደል ላይ ከሆነ፣ ማዕዘኑ ጠማማ ከሆነ፣ በሁለት በኩል መንገድ ከከበበው ይሰማሃል። ደግ ሰው በመሆንህ ወይም ልጆችህ ብዙ በመሆናቸው ግን አይሰማህም። ጭካኔ ይመስላል። ምክንያቱ ግን አለ፤ ሰውየው ነገ ቤቱን ሸጦ ይሄዳል፣ ፈቃዱ ግን ከመሬቱ ጋር ይቀራል። ደግሞም የሰው ማንነት መመዘኛ ከሆነ፣ የሚወደድ ሰው ይፈቀድለታል፤ የማይወደድ ይከለከላል።

በወረቀት ላይ እንዲህ ነው። በተግባርስ? እ.ኤ.አ. በ1962 ዱክሚኒየርና ስቴፕልተን የተባሉ ሁለት ጸሐፊዎች በኬንታኪ ሌክሲንግተን ከተማ ያለውን ቦርድ መርምረው በሕግ መጽሔት ላይ ጽሑፍ አወጡ። ርእሱ ራሱ ቦርዱን የብልሹ አስተዳደር ምሳሌ ብሎ ይጠራዋል። ቦርዱ ሕጉ የሚጠይቀውን መስፈርት ቸል ብሎ ይፈቅድና ይከለክል እንደ ነበር አሳዩ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» እንላለን አይደል? ጎረቤት የሚፈርድበት ችሎት በጎው ይህ ነው፤ ክፉውም ይኸው ነው።

የልብስ ማስጫው ገመድ

ከኒውዮርክ ከተማ ብዙም በማትርቀው በራይ ከተማ የሚኖሩ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1956 በከተማው ግብር ተናደዱ። ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ከቤታቸው ፊት ለፊት ገመድ ወጥረው አሮጌ ልብስና ጨርቅ ሰቀሉበት። በየዓመቱም አንድ አንድ ገመድ ጨመሩ። በ1961 ከተማው መንገድ ዳር ባለ ግቢ ልብስ ማስጣትን የሚከለክል ደንብ አወጣ፤ ሌላ ማስጫ ቦታ ለቸገረው ልዩ ፈቃድ እንዲሰጥም አብሮ ደነገገ። ባልና ሚስቱ ፈቃዱን ጠየቁ። «ሌላ በቂ ቦታ አላችሁ» ተብለው ተከለከሉ። ገመዱን አላወረዱም፤ ተከሰሱ። ጉዳዩ በ1963 ከክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ እነርሱም ተረቱ። ፍርድ ቤቱ «ተቃውሟችሁን በሌላ መንገድ ግለጹ፤ ከተማ ለዓይን ለሚታይ ውበትም ደንብ ማውጣት ይችላል» አለ። ዳኛ ቫን ቮርሂስ ግን አልተስማሙም።

ችግሩን አያችሁት? ፈቃድ የሚሰጠው ልብስ ማስጫ ለቸገረው ነው። እነርሱን የቸገራቸው ግን ማስጫ አልነበረም፤ የሚናገሩበት ቦታ ነበር። ለዚያ የሚሆን ሣጥን በማመልከቻው ቅጽ ላይ አልነበረም።

አምስቱ ጥያቄዎች

ቀስ በቀስ ሕጉ ራሱን ማረም ጀመረ። ለአንዲት ቁመቷ ለምትጨምር አጥር «መሬትህ ገቢ እንደማያስገኝ አስረዳ» ማለት ትርጉም የለውም። ስለዚህ የኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ከ1992 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ሕግ፣ እንደ አጥር ቁመትና እንደ ታፔላ ስፋት ላሉ የልኬት ጉዳዮች ቦርዱ ሚዛን እንዲይዝ አዘዘ። በአንድ በኩል የአመልካቹ ጥቅም፣ በሌላ በኩል በሰፈሩ ላይ የሚደርስ ጉዳት ይቀመጣል። ሲመዝን አምስት ጥያቄዎችን ይጠይቃል፦ የሰፈሩ መልክ ይበላሻል ወይ? አመልካቹ የፈለገውን በሌላ መንገድ ሊያገኝ ይችላል ወይ? የተጠየቀው ልዩነት ብዙ ነው ወይ? በአካባቢው ላይ መጥፎ ውጤት ያመጣል ወይ? ችግሩን ራሱ አመልካቹ ያመጣው ነው ወይ? ቦርዱ ከፈቀደም የሚፈቅደው ችግሩን ለማቃለል የሚበቃውን ትንሹን ልክ ነው። 8 ጫማ የጠየቀ ሰው 6 ጫማ ተኩል ይዞ ሊወጣ ይችላል።

የጎረቤትን ጩኸትም ወደ ምክንያት የሚለውጡ አሉ። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ዲሲ፣ የዞኒንግ ማስተካከያ ቦርዱ የየሰፈሩ አማካሪ ኮሚሽን በጽሑፍ ለሚያቀርበው ስጋት «ታላቅ ክብደት» እንዲሰጥ ሕግ ያስገድደዋል። ይህ ማለት ሰፈሩ ያለው ሁሉ ይሁን ማለት አይደለም። ቦርዱ ሰፈሩ ላነሣው ነጥብ በጽሑፍ መልስ መስጠት አለበት ማለት ነው። ሐበሻው ሬስቶራንት ልክፈት ብሎ እዚያ ቦርድ ፊት ቢቀርብ ወዳጅም ተቃዋሚም በዚሁ ሚዛን ይሰማል።

60 በ90 ሳንቲ ሜትር

የልብስ ማስጫው ጥያቄ ግን ከ30 ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ። በታኅሣሥ 1990 (እ.ኤ.አ.)፣ የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ሊጀመር ሲል፣ ሴንት ሉዊስ አጠገብ ባለችው በላዱ ከተማ የምትኖር አንዲት ሴት ጦርነቱን የሚቃወም 60 በ90 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጽሑፍ ግቢዋ ላይ አቆመች። ጠፋ። ሌላ አቆመች፤ ተገፍቶ ወድቆ አገኘችው። ለፖሊስ ስታመለክት «መጀመሪያውኑ ክልክል ነው» ተባለች። እሷም እንደ ደንቡ ለከተማው ምክር ቤት የቫሪያንስ ማመልከቻ አስገባች። ተከለከለች። «ቤቱ ይሸጣል» የሚል ሰሌዳ ግን በዚያች ከተማ ይፈቀድ ነበር!

ፍርድ ቤት ሄደች። በመሐሉ በፎቋ መስኮት ላይ ከአንድ ገጽ ወረቀት የማይበልጥ የሰላም ጽሑፍ ለጠፈች፤ ከተማው ደንቡን ቀይሮ ያንንም ከለከለ። በሰኔ 1994 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያለ ልዩነት ለሴትዮዋ ፈረደ። ዳኛ ስቲቨንስ እንዳሉት በገዛ ቤት ደጃፍ የቆመ ጽሑፍ ከሌላ ቦታ ከቆመው ይለያል፤ ተናጋሪው ማን እንደሆነ አብሮ ይናገራልና። ደግሞም ርካሽ ነው፤ ጋዜጣ ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው ድምፅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ተመሳሳይ ጉዳይ ከአሪዞና መጣ። በጊልበርት ከተማ የራሷ ሕንፃ የሌላት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ወዴት እንደሚሰበሰቡ የሚጠቁም ታፔላ ታቆም ነበር። ደንቡ የአመለካከት ጽሑፍ እስከ 20 ካሬ ጫማ ሲፈቅድ፣ ለመንገድ ጠቋሚው 6 ካሬ ጫማ ብቻ ሰጠው፤ እሱም ከፕሮግራሙ 12 ሰዓት በፊት ጀምሮ እስከ አንድ ሰዓት በኋላ ብቻ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደንቡን ሻረው። ከዚያ ወዲህ ከተማ የታፔላን ቁመት፣ ስፋትና መብራት መለካት ይችላል። በላዩ የተጻፈውን አንብቦ «ይህኛው ይጠር፣ ያኛው ይርዘም» የሚል ደንብ ግን በፍርድ ቤት ፊት ለመቆም እጅግ ይከብደዋል።

ወደ ሰፈራችን ስንመለስ

የዚህ የመቶ ዓመት ታሪክ ጭብጥ ምንድን ነው? በእኛ አስተያየት ይህ ነው፦ ደንብ ያለ ልዩ ፈቃድ ጨካኝ ነው፤ ልዩ ፈቃድ ያለ ምክንያት ደግሞ አድልዎ ነው። አሜሪካኖቹ መካከለኛውን መንገድ ለማግኘት ብዙ ተሳስተዋል፤ ዛሬም ይሳሳታሉ። ያ ሁሉ ሲሆን ግን አንድ ነገር አልለቀቁም። «አይሆንም» የሚለው ሰው በአደባባይ ተቀምጦ፣ ስሙና ድምፁ ተጽፎ፣ ከተናገረው ጋር ይቀራል። የተከለከለው ሰው ደግሞ ያንን ጽሑፍ ይዞ ወደ ዳኛ ይሄዳል። የላዱዋ ሴት ያሸነፈችው ምክር ቤቱ ደግ ስለሆነ አይደለም፤ ክልከላው የሚታይ ስለ ነበር ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ በኮሪደር ልማቱ አጥር ሲነሣ፣ የሕንፃ ቀለም ሲለወጥ ሁላችንም አይተናል። ከተማ መልክ እንዲኖራት መፈለግ ነውር አይደለም። እኛ ግን መንገድ ላይ ስናልፍ አንድ ጥያቄ ከአእምሯችን አይወጣም። ያቺ ደንቡ ያላሰባት፣ ቦታዋ ጠማማ የሆነባት ባለ ሱቅ «ለእኔስ?» ስትል የሚሰማት ማን ነው? ሲከለክላትስ ምክንያቱን ጽፎ ይሰጣታል ወይ? አያቶቻችን «በሕግ አምላክ!» ሲባሉ የሚቆሙት ሕግ የሚጠየቅበት በር ያለው ነገር መሆኑን ስለሚያምኑ ይመስለናል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ቸር ይግጠመን።