የልብስ ቅድ የዩኒቨርሲቲ ዕውቀት ነውን?



እ.ኤ.አ. በ1967 በለንደን የሚገኘው ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት በንጉሣዊ ቻርተር የዩኒቨርሲቲነት ደረጃ አግኝቶ የራሱን ዲግሪ ለመስጠት ሲበቃ፣ የፋሽን ትምህርት ክፍሉ ከዲግሪው ውጭ ሆኖ ቀረ። ክፍሉን ከ1956 ጀምሮ ይመሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ጃኒ አይረንሳይድ በቀጣዩ ዓመት ሥራቸውን ለቀቁ። የዛሬው ጥያቄዬ ከዚህ ይነሣል፤ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ የከፍተኛ ትምህርት ማዕረግ ሲገባቸው፣ ልብስ የሚቀድ እጅ ምን ጎደለው?

ክፍሉ በዚያን ጊዜ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። በ1948 ያቋቋሙት ቀድሞ በቮግ መጽሔት የፋሽን አዘጋጅ የነበሩት ማጅ ጋርላንድ ናቸው። ፍሬው ግን አልዘገየም። በ1965 የተመረቀው ኦሲ ክላርክ በቅድ ችሎታው የለንደንን አለባበስ ከለወጡት አንዱ ሆነ።

ይህ ችሎታ ምንድን ነው? እኔ የታሪክ ሰው ነኝ፤ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት እንኳ ይቸግረኛል። ሆኖም ተማሪዎች ሲሠሩ ቆሜ ተመልክቻለሁ። ጨርቅ ዝርግ ነው፤ ገላ ግን አይደለም። ተማሪው ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋውን እያየ፣ ትከሻ ላይ ሲያርፍና ወገብ ላይ ሲታጠፍ የሚይዘውን ቅርጽ አስቀድሞ በሐሳቡ ማዞር አለበት። ይህ ጂኦሜትሪ ነው። ፈረንሳዊቷ ማድሌን ቪዮኔ በ1920ዎቹ በትንሽ የእንጨት አሻንጉሊት ላይ ጨርቅ እየጠመጠመች ያጠናችው ይህንኑ ነበር፤ ጨርቁ በድሩና በማጉ መካከል በሰያፍ ሲቆረጥ ይለጠጣል፣ ከገላም ጋር ይሄዳል። በሰያፍ የተቆረጠ ቀሚስ ግን ተሰቅሎ ካልዋለ ጫፉ እኩል አይወርድም። ስለዚህ ተማሪው ውዱን ጨርቅ ከመንካቱ በፊት በአቡጀዲ ይሞክራል፤ ይሳሳታል፤ ይፈታል፤ ልኬቱን ያርማል። በቤተ ሙከራ የሚሠሩ ባልደረቦቻችን ይህን ሥርዓት በሌላ ስም ያውቁታል።

የእጅ ሥራን ዝቅ አድርጎ ማየት ለእኛም እንግዳ አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሸማኔውንና ሌላውን ባለ እጅ በሙያው መስደብን በአዋጅ መከልከላቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ይመሰክራል። በባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ቴክኖሎጂ ትምህርት የተጀመረው ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆይቶ ነው፤ የፋሽን ዲዛይን ዲግሪ ደግሞ ገና የትናንት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የምዘና ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ሥራዋን፣ ከሀገር ባህል ሸማ በሰያፍ የተቀደደ ካፖርት፣ አሻንጉሊት ላይ አልብሳ አቀረበች። አንድ ሰዓት ያህል የተከራከርነው አብሮት በቀረበው ጽሑፍ የገጽ ብዛት ላይ ነበር። ካፖርቱን ገልብጦ ስፌቱን ያየ ከመካከላችን አልነበረም፤ እኔም ጭምር።