ብረትና እብነ በረድ በፓርቴኖን

በአቴና ከተማ የሚገኘው ፓርቴኖን የተባለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1894 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጥ ተጎዳ። ከ1898 ዓ.ም. ጀምሮ መሐንዲሱ ኒኮላኦስ ባላኖስ የተሰነጠቀውን እብነ በረድ በብረት አያያዘው። ይሁን እንጂ ብረቱ ዛገ፤ ዝገትም ከብረቱ ይልቅ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ ድንጋዩን ከውስጥ ገፍቶ እንደገና ሰነጠቀው።

የጥንት ግሪኮች ግን ማያያዣውን ብረት በቀለጠ እርሳስ ሸፍነውት ስለነበረ ከዝገት ተጠብቋል። ትምህርቱ እዚያው ድንጋዩ ውስጥ ሳለ ሳይሠራበት ቀረ።

በ1975 ዓ.ም. የተቋቋመው የጥበቃ ኮሚቴ የባላኖስን ብረት በማይዝግ ቲታኒየም ማስተካት ጀመረ፤ ድንጋዩ ተበስቶ ዘንጉ ከገባ በኋላ ክፍተቱ በነጭ ሲሚንቶ ይሞላል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፥ ጠጋኝ ሊመረምር የሚገባው ስንጥቁ መገጠሙን ብቻ ሳይሆን፥ በውስጡ የተቀበረው ነገር ከመቶ ዓመት በኋላ የሚያመጣውን ጭምር ነው።