ሰማይ ማየት የተማሩ ሰዎች

የእህቴ ልጅ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ኢንተርኔት በመጣ ቁጥር ከኮምፒዩተሩ ፊት ንቅንቅ አይልም። ለጥምቀት ደብረ ማርቆስ በሄድኩ ጊዜ እናቱ «እስቲ አንተ ምከረው፤ እኔንስ አልሰማ ብሏል» ብላ ወደ ክፍሉ ላከችኝ። ልመክረው ገብቼ ሁለት ሰዓት ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ ስመለከት ቆየሁ። አንባቢ ይፍረደኝ።

ጨዋታው የአየር ውጊያ ነው። የተጫዋቾቹ ስሞች ከየት አገር እንደሆኑ አይታወቅም፤ ብቻ ግማሾቹ በዚህ፣ ግማሾቹ በዚያ ወገን ሆነው ሰማይ ላይ ይገናኛሉ። ልጁ የመረጠው አውሮፕላን ሁለት ክንፍ ላይና ታች የተደራረበለት፣ አብራሪው ከነራሱ ውጭ የሚታይበት አሮጌ ነገር ነው። ምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ፊያት ሲ.አር. 42 ነው ጋሼ። የጣልያን ነው። ሲታጠፍ የሚያህለው የለም።»

ልጁ አያውቀውም እንጂ ይህ አውሮፕላን ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። በ1932 እና በ1933 ዓ.ም. ኢጣልያኖች ኢትዮጵያንና ኤርትራን ይዘው ከእንግሊዝ ጋር ሲዋጉ ከነበሯቸው ተዋጊ አውሮፕላኖች ሁሉ የተሻለው እርሱ ነበር። ቅድመ አያቶቹን ያሳደደ መንግሥት አውሮፕላን ላይ ተቀምጦ፣ ደብረ ማርቆስ መሐል፣ በደስታ ይዋጋል። ልነግረው አፌን ስከፍት ከኋላው ተመታ። ማያ ገጹ ቀይ ሆነ፤ አንድ ክንፉ ተገነጠለ፤ ወደቀ።

«ከየት መጣ?» አለ ልጁ።

በሁለተኛው ዙር አንዱን ጠላት ከፊቱ አግኝቶ ጭራው ላይ ተጣበቀ። ዓይኑን ከእርሱ ላይ ሳይነቅል ሲከተለው፣ ሲከተለው፣ ከኮረብታ ጋር ተላተመ። በሦስተኛው ደግሞ ፀሐይን ከጀርባው ያደረገ አንድ ሰው ከላይ ወረደበት። በሦስቱም ጊዜ የጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ከየት መጣ?

እንደ እውነቱ ከሆነ ይህ ጥያቄ የአየር ውጊያን ያህል ዕድሜ አለው። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጀምሮ ከአውሮፕላን ውጊያ የተረፉ ሰዎች ደጋግመው የተናገሩት፣ ተመትቶ ከሚወድቀው አብራሪ አብዛኛው የመታውን ሰው ሳያየው እንደሚወድቅ ነው። በፎቶግራፍ የምናያቸው የዚያ ዘመን አብራሪዎች አንገታቸው ላይ የሐር ሻርፕ የሚያስሩት ለጌጥ ይመስለን ነበር። ለጌጥ አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ወደ ኋላ፣ ወደ ላይና ወደ ጎን አንገት ሲያዞሩ ኮሌታው ቆዳቸውን እየላጠ ቢያስቸግራቸው ነው። አቅጣጫንም በሰዓት ገበታ ይጠራሉ፤ ፊት ለፊት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ከኋላ ስድስት ሰዓት። (በእኛ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ቀትር ነው፤ በፈረንጁ ንጋት ወይም ማታ። በገበታው ላይ ግን ቁጥሩ ያው ከታች ነው። በሰዓት ነገር ከፈረንጅ ጋር የተስማማንበት ስፍራ ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።)

ኮረብታውም ቢሆን ልጁን ብቻ የጣለ አይደለም። ማሪዮ ቪዚንቲኒ የተባለ ኢጣልያዊ ሻምበል ነበር። በምሥራቅ አፍሪካ ግንባር ያንኑ ሲ.አር. 42 እያበረረ ከአሥራ አምስት የሚበልጡ የእንግሊዝ አውሮፕላኖችን እንደጣለ ተመዝግቦለታል፤ በሁለቱም ወገን በዚያ ሰማይ ላይ የሚስተካከለው አልነበረም። የካቲት 4 ቀን 1933 ዓ.ም. በመጥፎ አየር የጠፉ ባልደረቦቹን ሲፈልግ ነፋሲት አጠገብ ከደብረ ቢዘን ተራራ ጋር ተላትሞ ሞተ። የገደለው ጠላት አልነበረም። ዓይኑ የሚፈልገው ሌላ ነበር፤ ተራራው ደግሞ ከቦታው አልተነቃነቀም።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ ሳለሁ ነው ሌላ ነገር የታወሰኝ። «ከየት መጣ?» የሚለውን ጥያቄ ከእህቴ ልጅ በፊት፣ ከዚሁ ከደብረ ማርቆስ ተነሥተው የሄዱ ሰዎች ጠይቀውታል። እነርሱ ግን ሲመቱ ሁለተኛ ዙር አልነበራቸውም።

በ1928 ዓ.ም. የጎጃም ገዥ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። የጎጃምን ጦር አስከትተው ወደ ሽሬ ግንባር ወጡ። ያ ጦር አካባቢን መቃኘት የማያውቅ አልነበረም። የደጋው ሰው ሸንተረሩን፣ ገደሉን፣ የወንዙን መሻገሪያ፣ አቧራ ከየት እንደተነሣ፣ ውሻ በየት በኩል እንደጮኸ አይቶና ሰምቶ ጠላቱን የሚያውቅ ሰው ነው። ቅኝቱ ሁሉ ግን የምድር ነበር። ከራሱ በላይ የሚያየው ዝናም ሊመጣ እንደሆነ ለማወቅ ነው።

ታኅሣሥ 13 ቀን 1928 ዓ.ም. ተከዜ አጠገብ አውሮፕላኖች መጡ። ራስ እምሩ ኋላ እንደተረኩት፣ ያን ዕለት የተጣለው የለመዱት ቦምብ አልነበረም። መሬት ወይም ውኃ ሲነካ የሚሰበርና ቀለም የሌለው ፈሳሽ የሚረጭ በርሜል መሳይ ነገር ነበር። ወታደሩ አልሸሸም፤ ምን ብሎ ይሽሽ? አልፈነዳማ! ጥቂት ቆይቶ ግን ፈሳሹ የነካቸው ሰዎች እጃቸው፣ እግራቸውና ፊታቸው እየቆሰለ መጮኽ ጀመሩ። ጥማቸውን ሊቆርጡ ወደ ወንዙ የወረዱትም እዚያው ወደቁ። ኢጣልያ ራሷ የፈረመችው የ1917 ዓ.ም. የጄኔቭ ውል የከለከለው የመርዝ ጋዝ ነበር። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደነግጠኝ አውሮፕላኑ አለመሰወሩ ነው። ሁሉም አይተውታል። ያላወቁት፣ ከሚያዩት ነገር ውስጥ የሚገድለው የቱ እንደሆነ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የታሪክ መጻሕፍት በጥቂት መስመር ያልፉታል። እኔ የማውቀው በአያቴ በኩል ነው፤ እርሷም ከእናቷ የሰማችውን ነው የምትነግረን። ቤታቸው ከደምበጫ ወጣ ብሎ ነበር። በ1930 ዓ.ም. ጎጃም በጠላት ላይ ሲነሣና ጄኔራል ካቫሌሮ ብዙ ጦርና አውሮፕላን ሲያዘምትበት፣ የቤቱ ሥርዓት ሁሉ ተለወጠ። እንጀራ የሚጋገረው ሌሊት ሆነ፤ ቀን ጭስ አይታይም። የታጠበ ነጭ ሸማ መስክ ላይ አይሰጣም፤ ጥላ ሥር ይንጠለጠላል፣ ካልደረቀም እርጥቡ ይለበሳል። ለቅሶ እንኳ ቢሆን ሰው ተሰብስቦ ሜዳ ላይ አይቀመጥም። ከብት የሚጠብቁት ልጆች የጆሮ ሥራ ተሰጣቸው። ድምፁ ሲመጣ ከየት በኩል እንደሆነ፣ ወደየት እንደሚሄድ፣ አንድ ይሁን ብዙ ለይተው መንገር ነበረባቸው።

«እናቴ እስክትሞት ድረስ» ትላለች አያቴ፣ «አይሮፕላን ሲያልፍ የያዘችውን ታስቀምጥና ዛፍ ሥር ትገባ ነበር። የመንገደኛ ነው እማዬ፣ ምንም አያደርግ ብንላት አትሰማም። እኔ የማውቀውን አውቃለሁ ትላለች።»

እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ሰው በ1932 ዓ.ም. ክረምት ሰማዩ ላይ የሆነው ነገር ምን እንደመሰለው አስቡት። ኢጣልያ በሰኔ ወር ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ገጥማለች፤ ንጉሠ ነገሥቱ ካርቱም ደርሰዋል። የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ጎጃም ላይ ወረቀት መበተን ጀመሩ፤ በአማርኛ የተጻፈ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ያለበት አዋጅ። ከዚያም ጆርጅ ስቲር የተባለው ጋዜጠኛ የሚመራው ክፍል «ባንዲራችን» የሚል የአማርኛ ጋዜጣ ካርቱም እያዘጋጀ ላከ። አራት ዓመት ሙሉ ከአውሮፕላን ሥር መሸሽን የተማረ ሕዝብ፣ አሁን ከወረደው ነገር ሥር ገብቶ ማንሣትን መማር ነበረበት። ያችን የመጀመሪያ ወረቀት ከሜዳው ላይ ያነሣው ሰው ማን ይሆን እያልኩ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

በነሐሴ 1932 ኮሎኔል ሳንድፎርድ ጥቂት ሰዎች ይዞ ከሱዳን በእግር ገባ። የጎጃም አርበኞችን አለቆች እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬንና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህን አገኘ። በኅዳር 1933 ደግሞ ሜጀር ዊንጌት በትንሽ አውሮፕላን ፋጉታ ላይ አረፈ። ዘመኑን አስቡት። የኢጣልያ አውሮፕላኖች በሚዞሩበት አገር መሐል፣ አርበኛው ማረፊያ ሜዳ ደልድሎ የጠላትን ጠላት ከሰማይ ይቀበላል። ይህ በአምስት ዓመት ውስጥ የመጣ ትምህርት ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። ዊንጌት ጌድዮን ብሎ የሰየመው ጦር ሱዳናውያንና ኢትዮጵያውያን ተጨምረው ሁለት ሺህ የማይሞላ፣ በግመል የሚጓዝ፣ መድፍ የሌለው ነበር። በፊቱ ከቡሬ እስከ ደብረ ማርቆስ ብዙ ሺህ የኢጣልያ ጦር በምሽግ ተቀምጧል። አውሮፕላን ያለው፣ መንገድ ያለው፣ ስልክ ያለው ኢጣልያ ነው። ሆኖም ከፊቱ ስንት ሰው እንዳለ ያላወቀውም እርሱ ሆነ! የቡሬው አዛዥ ኮሎኔል ናታሌ የሚገጥመው ጦር ከራሱ የሚበልጥ መስሎት የካቲት 25 ቀን ምሽጉን ጥሎ ወጣ።

ለምን አላየም? ጸሐፊዎች አብዛኛውን ምስጋና ለዊንጌት ማታለል ይሰጣሉ። እውነት ነው፤ ሰውየው በሌሊት እየተጓዘ፣ ዛሬ ከዚህ ነገ ከዚያ እየተኮሰ ጦሩን ሲያበዛ ያድር ነበር። እኔ ግን ለእነዚያ ነጭ ሸማ ለማያሰጡት ሴቶችም ድርሻ አለ ባይ ነኝ። ከላይ ሆኖ ለሚያይ አብራሪ የጎጃም ገጠር ባዶ ነበር፤ ጭስ የለም፣ ጉባኤ የለም፣ ዛፍ ሥር ያለው እረኛ ይሁን አርበኛ አይለይም። ባዶ የሚመስል አገር ደግሞ ለፈራ ሰው የሞላ ይመስለዋል።

የእኛም ወገን ቢሆን ሁልጊዜ ዓይኑ ክፍት ነበር ማለቴ አይደለም። ናታሌ ከቡሬ ወጥቶ ወደ ደምበጫ ሲመጣ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጨረቃ ወንዝ አጠገብ፣ በመንገዱ ላይ ሰፍሮ ነበር። ያ ሁሉ የጠላት ጦር ወደ እርሱ እየመጣ እንደሆነ አላወቀም። የካቲት 27 ቀን ጠዋት በላዩ ላይ መጣበት። ሻለቃው ከብዙ እጥፍ ጋር ተዋጋ፤ ብዙ ሰውም ወደቀበት። በምሽግ ውስጥ የነበረው ሳያይ ሸሸ፤ ያሳደደው ሳያይ ተመታ። ሁለቱም የሆኑት በሦስት ቀን ውስጥ፣ በአንድ መንገድ ላይ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ የገቡት መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ኢጣልያኖቹ ከቀናት በፊት ለቀው ወደ ዓባይ ወርደው ነበር። በዚያ ጊዜ ሆነ የሚባል አንድ ታሪክ አለ። በተለቀቀው የኢጣልያኖች ግቢ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። የሚደውለው በዓባይ በኩል ያለ ኢጣልያዊ ነው፤ ደብረ ማርቆስ መያዙን አልሰማም። ከጦሩ ጋር የነበረው አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ኤድመንድ ስቲቨንስ ኢጣልያንኛ ይችል ነበርና አነሣው። ወዳጅ መስሎ፣ አሥር ሺህ የሚሆን የእንግሊዝ ጦር ወደ ወንዙ እየወረደ እንደሆነ ነገረው።

ይህን ለእህቴ ልጅ ነገርኩት። ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው ላይ አውልቆ ሰማኝ።

«አውሮፕላን የላቸውም እንዴ? ልከው አያዩም?»

«ነበራቸው።»

ዝም ብሎ ቆየና ሌላ ዙር ከፈተ። ያው ሲ.አር. 42። ተነሥቶ ከፍታ ከያዘ በኋላ እንደ ቅድሙ በቀጥታ አልሄደም፤ ወደ ኋላ አየ፣ ወደ ላይ አየ፣ ፀሐይዋን ወደ ጎኑ አደረጋት። ከሥሩ ተራራና አረንጓዴ ሜዳ ያልፋል። ጮቄን የሚመስል አንድ ከፍታ አይቼ የት አገር እንደሆነ ጠየቅሁት።

«እንጃ» አለኝ፣ ዓይኑን ከሰማዩ ላይ ሳያነሣ። «ጎጃም ግን በካርታው ውስጥ የለም፤ ፈልጌ ነበር።»