ርስትና ዕግድ

«ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ይመለሳል» ሲሉ አበው የመብትን ጽናት አስተምረዋል። ነገር ግን ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ከተከራካሪዎቹ አንዱ መሬቱን ቢሸጠው፣ በላዩ ያለውን ቤት ቢያፈርሰው ወይም አዲስ ቢሠራበት፣ ባለመብቱ በመጨረሻ የሚረከበው ባዶ ፍርድ ይሆናል። ጊዜያዊ የዕግድ ትእዛዝ የተደነገገው ይህን ጕዳት ለመከላከል ነው።

ሐሳቡ ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደለም። በቀድሞው ዘመን «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው፣ እውነቱ ከእርሱ ጋር ቢሆንም እንኳ፣ ዳኛ ፊት እስኪቀርብ ድረስ እጁን መሰብሰብ ነበረበት። ቃሉ አጥፊውን ከንጹሑ አይለይም፤ ጕልበትን አስቁሞ ነገሩን ለዳኛ ያቈያል እንጂ።

ከጎረቤት አገር የካርቱም ታሪክ የዚህን ነገር አስፈላጊነት ያስረዳል። ከተማይቱ እ.ኤ.አ. በ1885 በመሐዲስቶች እጅ ወድቃ ፈረሰች፤ በ1898 እንግሊዞችና ግብፃውያን ከያዟት በኋላ እንደ ገና ተሠራች። በዚያ መካከል ብዙ ባለመሬት ተሰድዶ፣ መሬቱን ሌላ ሰው ይዞት ነበር። ስለዚህ በ1899 የወጣው ድንጋጌ፣ ጥያቄው ከመቅረቡ በፊት መሬቱን አምስት ዓመት ሳያቋርጥ የያዘ ሰው ባለቤትነቱ እንዲጸናለት ፈቀደ። በ1925 የወጣው የመሬት ማጣሪያና ምዝገባ ድንጋጌም የይገባኛል ባዮች ቃል ተሰምቶ መብታቸው በመዝገብ እንዲሰፍር አደረገ።

የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ግን ከሩቅ የመጣ ነው። በ1900 የወጣው የሱዳን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ድንጋጌ ከሕንድ ሕግ የተቀዳ ነበር። በ1958 ዓ.ም. የታወጀው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ከሕንድ የ1908 ሕግ ብዙ ወስዷል። በቊጥር 154 እንደተደነገገው፣ ክርክር የተነሣበት ንብረት የሚያሠጋ ጥፋት፣ ብልሽት ወይም ወደ ሌላ ሰው መተላለፍ እንዳለበት በቃለ መሐላ ወይም በሌላ ማስረጃ ሲረጋገጥ፣ ፍርድ ቤቱ ሊያግድ ይችላል።

ችግሩ የሚጠናው ሁለቱም ወገኖች ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲያቀርቡ ነው። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቊጥር 1195 የአስተዳደር ባለሥልጣን ማስረጃ የሰጠውን ሰው ባለሀብት ነው ብሎ ይገምታል፤ በቊጥር 1196 ግን ማስረጃው ከሕግ ውጭ ወይም ሥልጣን በሌለው ክፍል የተሰጠ እንደሆነ ግምቱ እንደሚፈርስ ይናገራል። በ1967 ዓ.ም. መሬት የሕዝብና የመንግሥት ሀብት ከሆነ ወዲህ ክርክሩ በይዞታና በቤት ላይ ቢሆንም፣ የዳኛው ጭንቀት ያው ነው። የትኛው ወረቀት እውነተኛ እንደሆነ በአንድ ቀን አይታወቅም። ስለዚህ ዳኛው በዚያ ቀን የሚጠይቀው ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሳይሆን፣ ቢታገድ ወይም ባይታገድ ሊመለስ የማይችል ጕዳት የሚደርሰው በማን ላይ እንደሆነ ነው።

የሆነ ሆኖ ዕግድ የሚጠቅመው የችሎት በር ክፍት ሲሆን ብቻ ነው። ሱዳን በ1970 ባወጣችው ሕግ ያልተመዘገበ መሬት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። በ1990 የወጣው ማሻሻያ ደግሞ በዚህ ዓይነት መሬት ምክንያት በመንግሥት ላይ የሚቀርብ ክስ ፍርድ ቤቶች እንዳይቀበሉ ከለከለ። ክስ የማይሰማበት ነገር ላይ ዕግድ ሊለመን አይችልም፤ ቅድመ አያቱ ያረሰውን መሬት የያዘ ገበሬም «በሕግ አምላክ» ቢል የሚያቆምለት አልነበረውም።

በካርቱም ደቡብ የሚገኘው ሰፈር አል-ሳሃፋ፣ ትርጓሜው «ጋዜጠኝነት»፣ በቊጥር በተለዩ ክፍሎች የተሸነሸነ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 የተነሣው ጦርነት ካርቱምን የጦር ሜዳ ሲያደርጋት፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ ቤቱን ትቶ ተሰደደ። የ1898 ጥያቄ ዛሬም ተመልሷል፤ ስደተኛው ወደ ደጁ ሲመለስ ሌላ ሰው ሌላ ወረቀት ይዞ ቢያገኝ ማን ያስቆመዋል? የዚያን ቀን የሚጠቅመው በሥርዓት የተያዘ መዝገብና ሁለቱንም ወገን የሚሰማ ዳኛ ነው። መምህርም ስለ መብት ሲያስተምር፣ ባለመብት መሆን ብቻ እንደማይበቃና ፍርድ እስኪደርስ ክርክር የተነሣበት ነገር ሳይጠፋ መቈየት እንዳለበት ጨምሮ ቢያስረዳ መልካም ነው።